የኮር ደምፕ ፈቃድን በሊኑክስ ከርነል ያስተካከልሁበት መንገድ

የምስጠራ ቁልፎችን በሚሞሪው ይዞ የሚሠራ አንድ አገልግሎት ለሊኑክስ ሰርቨር ሳዘጋጅ፣ እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ፍላጎቶችን ማስታረቅ ነበረብኝ። ፕሮግራሙ ድንገት ሲወድቅ ምክንያቱን የሚያሳየን ኮር ደምፕ፣ ማለትም በወደቀበት ቅጽበት የነበረው ሚሞሪ ቅጂ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) የፕሮሰሱን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለውን ፕሮግራም፣ ሚሞሪ ኮር ፋይል ወደሚባል ፋይል ስለሚገለብጥ፣ ቁልፎቹም አብረው ዲስክ ላይ ያርፋሉ።

መጀመሪያ ያጠናሁት ከርነሉ ፈቃዱን በምን እንደሚወስን ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ከሚሞሪው መዝገብ ጋር የተያያዘ «ደምፔብል» የተባለ ምልክት አለው፤ 1 ሲሆን መገልበጥ ይፈቀዳል፣ 0 ሲሆን ይከለከላል። ይህ ምልክት ግን የሚገዛው የኮር ፋይልን ብቻ አይደለም። ምልክቱ 0 ከሆነ፣ በዚያው ተጠቃሚ ስም የሚሠራ ሌላ ተራ ፕሮሰስ በፒትሬስ (አንድ ፕሮሰስ ሌላውን ይዞ በሚመረምርበት የከርነል ጥሪ) ሊይዘው አይችልም፤ ከርነሉ የፕሮሰሶችን መረጃ በሚያሳይበት በፕሮክ ማውጫ ሥር ያሉት ፋይሎቹም የሩት፣ ማለትም የሙሉ ሥልጣን ባለቤቱ ተጠቃሚ፣ ንብረት ይሆናሉ። ኮር ፋይል የሚፈጠረው ፕሮግራሙ ሲወድቅ ብቻ ሲሆን በሥራ ላይ ያለ ሚሞሪ ግን ሁልጊዜ የተጋለጠ ስለሆነ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው ይህንን ሁለተኛውን ጥበቃ ነው።

የምልክቱ ሦስተኛ ዋጋ፣ 2፣ ኮር ፋይሉ ሩት ብቻ እንዲያነበው ሆኖ እንዲጻፍ ያደርጋል። ከከርነል 2.6.13 ጀምሮ ማንኛውም ፕሮግራም ራሱን 2 ማድረግ ይችል ስለነበር፣ ተራ ተጠቃሚ በሩት ባለቤትነት የሚጻፍ ኮር ፋይል የክሮን (ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት የሚያስኬድ አገልግሎት) ትእዛዞች በሚቀመጡበት ማውጫ ውስጥ አስገብቶ የሩትን ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ቀዳዳው እ.ኤ.አ. በ2006 ተደፈነ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ለራሱ የሚመርጠው 0ን ወይም 1ን ብቻ ነው፣ 2 የሚገኘው በአስተዳዳሪው ቅንብር በኩል ነው። የመገልበጥ ፈቃድ የሥልጣን ጉዳይም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ምልክት ሁለቱን ፍላጎቶቼን ስለማያሟላ አገልግሎቱን ለሁለት ከፈልሁት። ቁልፍ የሚይዘው ትንሽ ፕሮሰስ ምልክቱን 0 ያደርጋል፤ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጠራ የሚያገናኘው የኦፕን ኤስኤስኤች ቁልፍ ጠባቂም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥያቄ የሚያስተናግደው ትልቁ ፕሮሰስ ደግሞ 1 ሆኖ ይቀራል፤ ሆኖም በሩት ተነሥቶ ሥልጣኑን ሲለቅ ከርነሉ ምልክቱን ወደ ሥርዓቱ ቅንብር፣ በነባሪው ወደ 0፣ ስለሚመልሰው፣ ከዚያ በኋላ 1 መሆን እንዳለበት በግልጽ እጠይቃለሁ።

የጊዜ ቅደም ተከተሉ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ጠይቋል። ምልክቱ በፎርክ፣ ማለትም ፕሮሰስ ራሱን አባዝቶ ልጅ ፕሮሰስ ሲፈጥር፣ ይወረሳል፤ በፕሮሰሱ ውስጥ አዲስ ፕሮግራም ኤግዜክ በተባለው ጥሪ ሲጫን ግን በተለመደው ሁኔታ ወደ 1 ይመለሳል፤ ስለዚህ ወላጁ ፕሮሰስ ቢያስተካክለው ፋይዳ የለውም። ቁልፍ ጠባቂው ራሱ፣ ቁልፉን ከማንበቡ በፊት፣ ማስተካከል አለበት። ይህም ቢሆን በመካከል ያለችውን ቅጽበት አይዘጋም፤ ቁልፍ ጠባቂውን ቀድሞ በፒትሬስ የያዘው መርማሪ ፕሮሰስ ምልክቱ ስለተቀየረ ብቻ አይለቀውም። ስለዚህም ለቁልፍ ጠባቂው ማንም የማይጋራው የራሱ የተጠቃሚ መለያ ሰጠሁት።

በትልቁ ፕሮሰስ ውስጥ የደንበኞች መረጃ የሚያልፍባቸውን የሚሞሪ ገጾች (ከርነሉ ሚሞሪን የሚያስተዳድርባቸው ቋሚ መጠን ያላቸው ክፍሎች)፣ ከከርነል 3.4 ጀምሮ ባለው የኤምአድቫይስ ምክር፣ ማለትም ፕሮግራም ስለ ሚሞሪው አያያዝ ለከርነሉ በሚነግርበት ጥሪ፣ ከኮሩ ውጭ እንዲሆኑ አደረግሁ። ምክሩ የሚሠራው በሙሉ ገጽ ስለሆነ መረጃው ለብቻው በተመደቡ ገጾች ላይ መቀመጥ አለበት። የኮር መጠን ገደብን 0 ማድረግ ግን ብቻውን አያስተማምንም፤ ኮሩ በፋይል ፈንታ በፓይፕ (በፕሮግራሞች መካከል መረጃ በሚያስተላልፍ መስመር) ለሌላ ፕሮግራም እንዲተላለፍ ከተቀናበረ ከርነሉ ያንን ገደብ አያስከብርም።

አሁን በእያንዳንዱ አዲስ ሥሪት ላይ ትልቁን ፕሮሰስ፣ ፕሮሰስን ኮር አስጽፎ በሚያቋርጠው በአቦርት ሲግናል ጥዬ፣ የሙከራው መረጃ ባይቶች በኮሩ ውስጥ ይገኙ እንደሆነ እፈትሻለሁ፤ የቁልፍ ጠባቂውን ሚሞሪ ደግሞ በራሱ መለያ፣ ያለ ልዩ ሥልጣን፣ ለመክፈት እሞክራለሁ። ባይቶቹ ከተገኙ ወይም ሚሞሪው ከተከፈተ ሥሪቱ አይወጣም።