የሦስት ስብስቦችን ቆጠራ ከመሃል ጀምሮ መሥራት

ሦስት ስብስቦች ያሉበትን የቆጠራ ጥያቄ ሁልጊዜ የምሠራው ከመሃል ወደ ውጭ ነው። ከ100 ሠራተኞች 65ቱ አማርኛ (ሀ)፣ 50ዎቹ አፋን ኦሮሞ (ለ)፣ 40ዎቹ እንግሊዝኛ (መ) ይናገራሉ እንበል። ሀ∩ለ (አማርኛንም አፋን ኦሮሞንም የሚናገሩ) 30፣ ሀ∩መ 22፣ ለ∩መ 15 ሲሆን ሦስቱንም የሚናገሩት 8 ናቸው።

መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ሦስት የተጠላለፉ ክቦች እስላለሁ። አራት ማዕዘኑ ከቀረ አንዱንም ቋንቋ የማይናገሩት ቦታ አይኖራቸውም። ከዚያ መሃሉ ላይ 8 እጽፋለሁ። ሁለት ክቦች በሚጋሩት ቦታ ግን 30ን እንዳለ አልጽፍም፤ በውስጡ 8ቱ ስላሉ 22 ይቀራል። በተመሳሳይ 14 እና 7 ይመጣሉ። ጥያቄው የሰጠው ቁጥር «ሁለቱን ብቻ» የሚናገሩት ከሆነ ግን መቀነስ አያስፈልግም። አብዛኛው ስህተት የሚወለደው እዚህች «ብቻ» ላይ ነው፣ ስለዚህ አስምርባታለሁ።

አማርኛ ብቻ የሚናገሩት 65−22−14−8=21፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ 13፣ እንግሊዝኛ ብቻ 11 ናቸው። ሰባቱም ክፍሎች ሲደመሩ 96፤ ከክቦቹ ውጭ የሚቀሩት 4 ናቸው። ማረጋገጫው በቀመሩ (ሦስቱን ደምሮ የሁለት ሁለቱን ጋራ መቀነስ፣ የሦስቱን መልሶ መደመር)፦ 65+50+40−30−22−15+8=96።

«ቢያንስ ሁለት ቋንቋ» ሲባል 30+22+15=67 ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። መሃል ያሉት 8 ሰዎች ሦስት ጊዜ ስለተቆጠሩ 16 ሲቀነስ መልሱ 51 ይሆናል። «አማርኛም አፋን ኦሮሞም የማይናገሩ» ደግሞ የሀ∪ለ (ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን የሚናገሩ) ማሟያ፣ ማለትም ከዚያ ውጭ ያሉት ሁሉ ነው፦ 100−85=15። የሀ∩ለን ማሟያ የወሰደ 70 ያገኛል፤ እዚያ ውስጥ ግን ከሁለቱ አንዱን የሚናገሩትም ገብተዋል።

ክፍሎቹን አንድ በአንድ መሙላት ከቀመሩ የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ የተበላሸ መረጃን ያጋልጣል። ለ∩መ 15 መሆኑ ቀርቶ 30 ቢሆን ከ50ም ከ40ም ስለሚያንስ ችግር ያለው አይመስልም፤ ቀመሩም ያለ ተቃውሞ 81 ይሰጣል። ሥዕሉ ላይ ግን እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩት 40−14−22−8=−4 ይሆናሉ። ከዜሮ በታች ሰው የለምና ስህተቱ ያለው ከተሰጡት ቁጥሮች ነው።

አራተኛ ቋንቋ ሲጨመር ክብ መሳሉን እተወዋለሁ። አራት ስብስቦች 16 ክፍሎች ያስፈልጓቸዋል፤ አራት ክቦች ግን እንዴትም ቢደረደሩ ከ14 በላይ አይፈጥሩም። ያኔ 16 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ በየረድፉ «አለ» ወይም «የለም» እያልኩ እሞላለሁ።