ከጥምቀተ ባሕሩ የሚበልጥ ውሃ

ጎንደር ላደገ ልጅ ብዙ ውሃ ማለት የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ይሞላል፤ ከበዓሉ በኋላ ይጎድላል። የኔዎቹም ከዚያ የሰፋ ውሃ አይተው አያውቁም። ጣና ግን ከከተማችን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ነገሩ ሲቆጨኝ ከርሞ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆች ጋር ከሐይቁ ሰሜን ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወረድን።

ቀኑ በንዴት ጀመረ። የሚኒባሱ ረዳት ለልጆቹም ሙሉ ሂሳብ ጠየቀን። እሺ ብለን ከፈልን። ልንነሳ ስንል ግን «ልጆቹን እቀፏቸው» ብሎ በወንበራቸው ሌላ ሰው ጫነ። ብሩን መልስ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከብሩ በላይ ያበገነኝ፣ የአሥር ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ከፍለናል እኮ!» እያለ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ መልስ ማጣቴ ነው።

አዘዞን፣ ቆላ ድባን፣ ጯሂትን አለፍን። የደምቢያ ሜዳ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ጎርጎራ ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ከጎንደር 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ወዲያው ይታወቃል።

የመረጥነው መንገድ ቀላል ነው። ከከተማዋ ተነስቶ በዛፎች ሥር ወደ ደብረ ሲና ማርያም ይሄዳል፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዳር ዳሩን ይዞ ይመለሳል። ትልቅ ሰው ሳይደክም ይጨርሰዋል። እኛ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። ጎንደር ውስጥ ዳቦ ለመግዛት የምንወጣው ዳገት ይብሳል። ትንሿ ልጄ የወደቀ ዶቅማ እየለቀመች ከንፈሯም ጥርሷም ወይን ጠጅ ሆነ። አንድ ዋርካ ሥሩን ድንጋይ ላይ ጠምጥሞ ሲያይ ልጁ «የፋሲል መዋኛ ዛፍ!» አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ ጋም ሥሮቹ የመዋኛውን አጥር ጨምድደው ይዘውታል።

ደብረ ሲና ክብ ናት፣ በሣር የተከደነች። የመቅደሷ ግድግዳ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ተሞልቷል። ልጆቹ ዝም ብለው ቆሙ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ዛፎቹ አለቁና ጣና ወጣ። ትንሿ እጄን ያዘች።

«አባዬ፣ ይሄን ማን ሞላው?»

ልክ ነች። እሷ የምታውቀውን ውሃ ሰው ነው የሚሞላው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ አልኳት። ከዚያ ራሴም ልብ ያላልኩት ነገር ትዝ አለኝ። ቀሃ ከአንገረብ ይገናኛል፣ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ደግሞ እዚህ ይፈስሳል። ጥምቀተ ባሕሩን የሚሞላው ውሃ መጨረሻው ጣና ነው። «የኛ ቀሃ?» አለች። አዎ፣ የኛ ቀሃ።

በዚህ ወቅት ሐይቁ ከዓመቱ ሁሉ ስለሚጎድል ዳሩ ሰፊ ነው። አንድ አባት ቁጭ ብለው ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠሩ ነበር። ልጄ «ይሄ ሣር ሰው እንዴት ይሸከማል?» ሲላቸው አንዱን በቢላ ቆርጠው ሰጡት። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ፤ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። «የሚሸከምህ ይሄ ነው» አሉት። ሲሰነብት ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቁታል። ልጄ ለሩብ ሰዓት ያህል ከአጠገባቸው አልተነሳም።

ትንሿ ደግሞ ሐምራዊ አበባ አይታ ልትቀጥፍ ሮጠች። እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጣናን ሰሜን ዳርቻ ሲያስጨንቅ የኖረው አረም። ይህን የመሰለ አበባ የዓሣ አጥማጁን መረብና ጀልባ ይዞ እንደሚያስቀር ለስድስት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከበደኝ። አንጀቴ ተላወሰ።

ጀልባ አልተሳፈርንም። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት ስለማይገባ ባለቤቴና ልጄ ዳር ሊቀሩ ነው። የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ወዳለበት ለመሄድ ደግሞ የተጠራልን ዋጋ የወር አስቤዛ ነው።

ስንመለስ ዝናቡ ደረሰብን። አንዲት እማሆይ ከጎጇቸው ብቅ ብለው «ኑ ግቡ፣ የኔ ዓለሞች» አሉን። ቤቷ ከአራት ሰው በላይ አትይዝም፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። እምቢ ብንል አልሰሙም። ለልጆቹ ከአኩፋዳቸው ቆሎ ዘገኑላቸው፣ የትንሿን የረጠበ ፀጉር በነጠላቸው ጫፍ አደረቁላት። ባለቤቴ ትንሽ ብር ልትሰጣቸው ብትሞክር እጇን መልሰው ጨበጡት። ዝናቡ ሲያባራ መርቀው ሸኙን።

ጎርጎራ የበላነው የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጥሩ ነበር፤ ስንመለስ ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ተኙ።

በማግስቱ ትንሿ ቀሃ ድልድይ ላይ አስቆመችኝ። ከኪሷ አንድ እፍኝ ቆሎ አወጣች። ሳትበላው አስቀምጣው ኖሯል። ወደ ውሃው በተነችውና «ለእማሆይ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ።