ሃይደልበርግ፣ ከነጉልበት ሕመሜ

ዛሬ ጀርመን አገር፣ ሃይደልበርግ ከተማ ዋልኩ። ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያወጣ ባቡር እያለ "በእግሬ ነው የምወጣው" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ደረጃው ግን አያልቅም! ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለከልክ፣ 70 ዓመት የሚሆናቸው አንዲት እናት "ሃሎ" ብለውኝ አለፉ። አፈርኩ።

ላይ ስደርስ ግን ድካሜን ረሳሁት። ሕንፃው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። መስኮቶቹ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ክፍል የለም፣ ሰማይ ብቻ። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1689 እና በ1693 አፈራረሰው። በ1764 ደግሞ መብረቅ መትቶ አቃጠለው። አንዱ ማማ በባሩድ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ እስከዛሬ እንደተጋደመ አለ።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የከተማው ሰው ድንጋዩን እየጫነ ለቤት መሥሪያ ይወስደው ነበር። ይህ እንዲቆም የታገለው ማን መሰላችሁ? ሻርል ደ ግሬምበርግ የሚባል ፈረንሳዊ! አፍራሹም ፈረንሳይ፣ ተቆርቋሪውም ፈረንሳይ።

ምድር ቤቱ ውስጥ 220 ሺህ ሊትር ገደማ የሚይዝ የወይን ጠጅ በርሜል አለ። ባዶ ነው፤ ጠይቄያለሁ 😄

ከሰገነቱ ላይ ኔካር ወንዝና አሮጌው ድልድይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዙሪያዬን ፍቅረኛሞች ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ደግሞ ለእማዬ በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችና፦

"ጣሪያ የሌለው ቤት ለማየት ነው ገንዘብ የከፈልሽው?"