«ማፈግፈጉን እንዳትነኩት»

ደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «እባካችሁ ማፈግፈጉን እንዳትነኩት።» ሰላምታ የለው፣ ማብራሪያ የለው፣ የትኛው ማፈግፈግ እንደሆነ እንኳ አይናገርም። የስትራቴጂ ጌማችን ሁለተኛ ክፍል እየተሠራ መሆኑ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ የተጫዋቾችን አስተያየት እያነበቡ በየዘርፉ መመደብ የእኔ ሥራ ስለነበር፣ በቀን ከሚያልፉብኝ መልእክቶች እንደ አንዱ ቆጠርኩት። ሰንጠረዤ «ግራፊክስ»፣ «ጦርነት»፣ «ኢኮኖሚ»፣ «የኮምፒውተሩ ብልሃት»፣ «ሞድ» (ተጫዋቾች ራሳቸው በጌሙ ላይ የሚሠሩት ማሻሻያ) እና «ዋጋ» የሚሉ ዓምዶች ነበሩት፤ በስተመጨረሻ ደግሞ የሰነፍ መሸሸጊያ የሆነው «ሌላ» ነበር። መስመሯን እዚያ ጣልኳትና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

የሌሎቹ ደብዳቤዎች ጩኸት ከፍተኛ እንደነበር ግን ይታወቅልኝ። የስትራቴጂ ጌም ተከታይ ክፍል ሲጠበቅ የሚሰማው ስጋት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ ሰው ለመሳብ ሲሉ ያቀሉታል፣ መልኩን የልጆች ፊልም ያስመስሉታል፣ ከፊሉን ቆርሰው ለብቻው ይሸጡልናል፣ ሞድ እንዳንሠራ በሩን ይዘጉብናል። አንድ ተጫዋች የቀድሞውን ክፍል ስክሪን ከአዲሱ ማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ ከቀዳው ምስል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ የጠፉትን ቁልፎች በቀይ እየከበበ ልኮልን ነበር። ከጠፉት አንዱ መጥፋቱን እኛ ራሳችን ያወቅነው ከእሱ ነው።

ይህን ሁሉ አጠናቅሬ ስብሰባ ላይ ሳቀርብ ዋና ዲዛይነራችን ሪፖርቱን ሳይገልጡ፣ ሽፋኑን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ሰሙኝ።

«ይህ ለቅሶ አዲስ አይደለም» አሉኝ። «የስትራቴጂ ጌሙ ሲቪላይዜሽን 5 በ2010 ካርታውን ከአራት ማዕዘን ወደ ስድስት ማዕዘን ቀይሮ፣ በአንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ተዋጊ ጦር እንዳይቆም ሲከለክል ተከታታዩ አበቃለት ያሉ ነበሩ። በ2016 ስድስተኛው ሲታወጅ ደግሞ ካርቱን ሆነ፣ የሞባይል ጌም መሰለ ተባለ። ሁለቱም እንዴት እንደተወደዱ ታውቃለህ። ተጫዋች የሚወደው የለመደውን ነው፤ ሲለምደው ይህንንም ይወደዋል።» (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«እርስዎ የቆጠሩልኝ አልቅሰው የተሳሳቱትን ብቻ ነው» አልኩ። «አልቅሰው ልክ የነበሩትስ? ኮማንድ ኤንድ ኮንከር 4 በዚያው በ2010 ሰዎች ተከታታዩን የወደዱበትን የጦር ሰፈር ግንባታ አውጥቶ በተንቀሳቃሽ ማሽን ሲተካው የተፈራው ሁሉ ደረሰ። ሲቪላይዜሽን 5ም ቢሆን ደንቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ በዚያ ደንብ ጦሩን ማንቀሳቀስ አቅቶት ሲደናበር ተጫዋቹ አይቷል።»

ዋና ዲዛይነራችን ፈገግ አሉ። «ለዚህ ነው አንተን አስተያየት እንድታነብ፣ እኔን ጌም እንድሠራ የመደቡን።»

ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከንግግራቸው ይልቅ ያ የራሴ ሳቅ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሲቪላይዜሽን 7 በ2025 ዘመን በተሻገረ ቁጥር ሕዝብ እንድንቀይር ማስገደዱንና የገጠመውን ድብልቅልቅ አቀባበል እጨምርላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔም ምሳሌዎች እንደ እሳቸው የተመረጡ ነበሩ። በ2016 የወጣውን ኤክስኮም 2ን ሁለታችንም አላነሳነውም፤ ምክንያቱም ለማናችንም አይመችም። በብዙ ተልእኮዎች ላይ የዙር ገደብ የተጨመረው ተጫዋቹ እንደ ኤሊ ከመሳብ ይልቅ ደፍሮ እንዲጫወት ነበር፤ ብዙዎች ገደቡን ጠሉት፣ ወዲያው የሚያጠፋ ሞድ ተሠራለት፣ ጌሙ ግን ተወደደ። ይህን በየትኛው ዓምድ ላስገባው?

ወራት አለፉና የሙከራ ሥሪቱ ለነባር ተጫዋቾች ተሰጠ። ስለ ቀለሙ የጮኹት በሁለተኛው ቀን ቀለሙን ረሱት፤ ዋና ዲዛይነራችን በኮሪደሩ ባገኙኝ ቁጥር «ቀለሙስ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ነገር ግን ማንም ያልጠበቀው አንድ ቅሬታ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር፤ ኮምፒውተሩ ደድቧል የሚል። በእኛ መዝገብ ኮምፒውተሩ ከበፊቱ በበለጠ ያሸንፍ ነበር። የሚያሸንፍህን ባላጋራ ደደብ ማለት እንግዳ ነገር ስለሆነብኝ መልእክቶቹን እንደገና አንድ በአንድ ሳነብ፣ «የድሮው ይሸሽና ያታልለን ነበር» የሚል ሐረግ ደጋግሞ መጣ። ያቺ በ«ሌላ» ሥር የጣልኳት መስመር ያን ጊዜ ትዝ አለችኝ።

የጠላትን ውሳኔ ወደምትጽፈው ፕሮግራመራችን ሄድኩ። የመጀመሪያው ክፍልም የእሷ ሥራ ነበር።

«የሐሰት ሽሽቱን ለምን አወጣሽው?» አልኳት።

«የምን ሽሽት?»

የነገሩኝን ነገርኳት፦ የጠላት ጦር እየተዋጋ ሳለ ድንገት ያፈገፍጋል፤ ተጫዋቹ ድል የቀናው መስሎት ከከተማው ወጥቶ ያሳድደዋል፤ ጦሩ በጎን ዞሮ ባዶዋን ከተማ ይይዛታል። ተጫዋቾች ለዓመታት ይህን ወጥመድ እንዴት ማምለጥ እንደሚቻል እርስ በርስ ሲማማሩ ኖረዋል።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም» አለች።

«ታዲያ ማን ጻፈው?»

«ማንም።»

አላመንኳትም። እሷም እኔን አላመነችኝም መሰለኝ፣ የድሮውን ኮድ አውጥታ አንድ ጦርነት አስነሳችና መጫወቻውን ለእኔ ለቀቀችልኝ። እያንዳንዱ የጠላት ጦር አጠገብ የምርጫዎቹ ነጥብ በትንንሽ ቁጥር ይታያል። ስንቁ ሲመናመን «ወደ ጎተራ ተመለስ» የሚለው 61፣ «ከተማዋን አጥቃ» የሚለው 58 ሆነ፤ ጦሩ ፊቱን አዞረ። ጠባቂዎቼን ይዤ ተከተልኩት። በሚቀጥለው ዙር ከተማዋ ያለ ጠባቂ በመቅረቷ 58 የነበረው ወደ 74 ዘለለ፤ ጦሩም ጎኔን ታክኮ ተመለሰና ከተማዬን ወሰዳት። የሚሆነውን እያወቅሁ፣ ቁጥሩ ዓይኔ ሥር እያለ፣ «አታለለኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ያውልህ ብልሃቱ» አለችኝ። «ረሃብና ስግብግብነት። ሁለት ደንብ ነው፤ አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም።»

በአዲሱ ክፍል ይህ የጠፋበት ምክንያት ቀላል ነበር። አንድ ጦር ውሳኔውን በየዙሩ ከባዶ እያሰላ እንዳይወላውል፣ የጀመረውን መንገድ ለተወሰኑ ዙሮች እንዲይዝና ሌላው ምርጫ በሰፊ ልዩነት ካልበለጠ በቀር እንዳይቀይር ተደርጓል። በሙያው የታወቀና ትክክለኛ መፍትሔ ነው። ማን አዘዘሽ ስላት ሳትናገር አንድ የድሮ ኢሜይል ከፍታ አሳየችኝ። «የጠላት ጦር ያመነታል፤ በአስቸኳይ ይስተካከል» ይላል። ከሥሩ ያለው ስም የእኔ ነው። በ«የኮምፒውተሩ ብልሃት» ዓምድ ሥር ቅሬታዎችን ደምሬ፣ አስምሬበት የላክሁት እኔው ነበርኩ።

ምን እንደምል ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለ የጋንዲን ነገር አነሳችልኝ። በ1991 በወጣው የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን ውስጥ የጋንዲ የጠብ አጫሪነት ቁጥር ከዜሮ በታች ሲወርድ ወደ 255 ተገልብጦ፣ ሰላማዊው ሰው ኑክሌር ወርዋሪ ሆነ የሚል ታሪክ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። የጌሙ ፈጣሪ ሲድ ሜየር በ2020 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንዲህ ያለ ስህተት ጭራሽ እንዳልነበረ ተናገረ። «እዚያ ያልነበረ ስህተት ነበረ አሉ፤ እዚህ የነበረ ስህተት ብልሃት ነው አሉ» አለችና ሳቀች። «ግን በኋለኞቹ ክፍሎች ሠሪዎቹ ጋንዲን ሆን ብለው የኑክሌር ወዳጅ አድርገውታል። ተጫዋቹ አንዴ ካመነ ምን ታደርገዋለህ?»

እሷም ይህንኑ አደረገች። ስህተቱን እንዳለ መመለስ አልተቻለም፤ ማመንታቱም አብሮ ይመለሳልና። ስለዚህ የሐሰት ሽሽትን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ስልት፣ ከሥር መሠረቱ ጻፈችው፦ ጦሩ መቼ እንደሚሸሽ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አሳዳጁ ከከተማው ምን ያህል ሲለይ እንደሚዞር ተወስኖ። ከቀድሞው ይልቅ የተጣራና ሰውን በእጅጉ የሚያታልል ነበር። በሚቀጥለው ሙከራ ግማሾቹ «ተመለሰ!» ብለው ተደሰቱ። ሌሎቹ ደግሞ «አሁን ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል፤ የድሮው ከልቡ ነበር» ብለው ጻፉ። ሁለተኛውን መልእክት ጮክ ብዬ ሳነብላት ለረጅም ጊዜ ስክሪኗን እያየች ዝም አለች፤ ከዚያ «እውነታቸውን ነው» አለች።

ጌሙ ከወጣ በኋላ በተደረገው የሠራተኞች ስብሰባ ዋና ዲዛይነራችን መድረክ ላይ ወጥተው፣ ጌም ሠሪ ከሺህ ደብዳቤ መካከል ያቺን አንዲት መስመር የሚሰማ ጆሮ ሊኖረው እንደሚገባ ሰፋ አድርገው ተናገሩ። መስመሯንም ቃል በቃል ጠቀሷት። አነጋገራቸው ያማረ ነበርና ተጨበጨበላቸው። ፕሮግራመራችን ከሁለት ወንበር ወዲያ ሆና አየችኝ፤ እኔም መስመሯን የት ጥያት እንደነበር ስለማውቅ እጄን አንስቼ አጨበጨብኩ።

ያ ተጫዋች በሳምንቱ እንደገና ጻፈ። አሁንም ሰላምታ የለውም፣ አሁንም አንድ መስመር ነው፦ «ማፈግፈጉን ስላልነካችሁት አመሰግናለሁ።»

ሰንጠረዡን ከፈትኩ። ለምስጋና የተዘጋጀ ዓምድ አልነበረኝም፤ «ሌላ» ሥር አስገባሁት።