በካርታው ላይ የቀላችው ሰፈር

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ የመጀመሪያ ዓመት የምሠራው በአንድ የጤና ጽሕፈት ቤት የመረጃ ክፍል ነበር። ከላብራቶሪ የሚመጣውን ውጤት ተቀብለን፣ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንቱ ላይ ቫይረሱ እንደተገኘ፣ ከየሰፈሩ ስንት ስንት እንደሆነ ለይተን በየማታው ሠንጠረዥና ካርታ እናወጣለን። በማግስቱ ጠዋት ኃላፊዎቹ ያንን ካርታ አይተው የእንቅስቃሴ ገደቡ የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ ይወስናሉ። ከእኛ ጠረጴዛ የወጣ ቁጥር ሳይውል ሳያድር የሰው ደጅ ላይ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ሁላችንም ይህን ስለምናውቅ፣ ማታ ማታ ድምሩን ደጋግመን ሳናይ ወደ ቤታችን አንሄድም ነበር።

ካርታው የሚቀባው በጥሬ ቁጥር አይደለም። የሰፈሮች ነዋሪ ስለሚበላለጥ፣ 20 ታማሚ ያለው ሰፊ ሰፈርና 20 ታማሚ ያለው ትንሽ ሰፈር እኩል አይታዩም። ስለዚህ ባለፉት 7 ቀናት የተመዘገቡትን አዲስ ታማሚዎች ለሰፈሩ ሕዝብ አካፍለን በ100,000 እናባዛለን። 7 ቀን የሚያዘው ቅዳሜና እሑድ ናሙና የሚሰበስበውም የሚመረምረውም ሰው ስለሚያንስ፣ የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ስለሚያሳስት ነው። ብዙ አገሮች ተጠቅመውበታል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ገደቡን ስታላላ፣ በ7 ቀን ውስጥ ከ100,000 ነዋሪ ከ50 በላይ አዲስ ታማሚ የተገኘበት ወረዳ ርምጃውን መልሶ እንዲያጠብቅ የወሰነችው በዚሁ መለኪያ ነበር። መለኪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚቆጠሩት ታማሚዎችና ከታች የሚካፈልበት ሕዝብ የአንድ ሰፈር ሰዎች መሆን አለባቸው። የእኛ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ማታ ካርታውን ስናወጣ አንዲት ትንሽ ሰፈር ደም መስላ ቀላች። በፊት በነበሩት ቀናትም ቀለሟ እየደመቀ መጥቶ ነበር፤ የዚያን ማታ ግን መጠኗ ከጎረቤቶቿ በብዙ እጥፍ በለጠ። ድምሩን አየን፣ ልክ ነው። የሕዝቡን ቁጥር አየን፣ ልክ ነው። ከላብራቶሪ ከመጣው ፋይል ጋር አመሳከርን፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ጠዋት ስብሰባ ተቀመጡ፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈሯ መግቢያዎች እንዲዘጉ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እየዞረ ማስታወቂያ እንዲናገር፣ ቤት ለቤት የሚመረምር ቡድን ወደዚያ እንዲላክ ተወሰነ። በአንጻሩ ከእሷ ራቅ ብሎ ያለ፣ ሕዝቡ ተጨናንቆ የሚኖርበት ሌላ ሰፈር በካርታው ላይ ፈዛዛ ስለነበር ገደቡ ይላላላቸዋል ከተባሉት ውስጥ ገባ።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ነበር የደረሰው። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዲት ሴት ወደ ቢሯችን ደወለች። ወንድሟ ገደቡ ከማይመለከታቸው አስፈላጊ ሥራዎች በአንዱ የተቀጠረ ነው። በር ላይ መታወቂያውን ያየው ጥበቃ የሰፈሩን ስም ሲያነብ ወደ ኋላ ሸሽቶ እንደመለሰው ነገረችን። ወንድሟ ተመርምሮ ነጻ ነው። ወረቀቱንም አሳይቷል። የሰፈሩ ስም ግን ከወረቀቱ በላይ ሆነ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም፤ ስልኳን መዝግቤ ይዤ ቆየሁ።

ከእኛ ክፍል አጠገብ ከታማሚዎች ጋር ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በስልክ የሚለየው ቡድን ይሠራል። የቡድኑ አንጋፋ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም ሲስተር እያልን ነው የምንጠራቸው። ሲስተር ከተሰጠን የጥያቄ ዝርዝር አይጀምሩም። መጀመሪያ «እንዴት ዋልክ? ትኩሳቱ ለቀቀህ? የሚያስታምምህ ሰው አለ?» ይላሉ። «ከማን ጋር ተገናኘህ?» የሚለው ከብዙ ጨዋታ በኋላ ይመጣል። ሰው ደግሞ ለእሳቸው ይናገራል፤ እኛ ብንጠይቀው የሚደብቀውን ሁሉ ይነግራቸዋል። የሰሙትን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከማስገባታቸው በፊት በራሳቸው ደብተር ይጽፉታል።

አንድ ጠዋት ያንን ደብተር ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። «ሲስተር፣ ይቀመጡ» ብል ቆመው ቀሩ። «ልጄ፣ ይቺ ቀላች ያላችኋት ሰፈር ዝርዝር እኔ ጋ ደርሳኛለች» አሉኝ። «የደወልኩላቸው አብዛኞቹ እዚያ አይኖሩም። የሄዱት ለምርመራ ነው፤ ጤና ጣቢያው እዚያ ስለሆነ። አንዷማ ከዚያን ቀን በፊት ረግጣውም አታውቅ።»

ፋይሉን ከፍቼ በአድራሻው ዓምድ ደረደርኩት። የሰው አድራሻ መቼም አንድ ዓይነት ሆኖ አይጻፍም። አንዱ የቤት ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሌላው «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ» ይላል፤ የሰፈሩን ስም አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፤ ፊደል የሚዘለልም አለ። የሌሎቹ ሰፈሮች መዝገብ እንደዚያ የተዘበራረቀ ነበር። የዚያች ሰፈር ግን ከረድፍ ረድፍ ቁልቁል ስወርድ ያው ጽሑፍ፣ ያው ክፍተት፣ ያው ነጥብ ነው። የሰው እጅ እንዲህ አይጽፍም።

ምክንያቱን ለማግኘት ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድን። ናሙና የሚወስዱት ባለሙያዎች ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው፣ መነጽራቸው በትንፋሽ ተሸፍኖ፣ በድርብ ጓንት ነው ቅጽ የሚሞሉት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የታመመና ያልታመመ አብሮ ቆሞ እንዳይቆይ ቶሎ ቶሎ ማሳለፍ አለባቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ይጻፋል፤ አድራሻ ብዙ ጊዜ ባዶውን ያልፋል። በእነሱ የሚፈረድ አይደለም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ቅጹ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሲስተሙ ባዶ አድራሻ አይቀበልም፤ ባዶ ካገኘ ደግሞ ናሙናውን የላከውን ጤና ጣቢያ አድራሻ ራሱ እንዲሞላ ተደርጎ ተሠርቷል። ሲሠራ የታሰበው ውጤቱ ወደ ላኪው ጤና ጣቢያ እንዲመለስ ነው፤ ለዚያ ሥራ ትክክል ነበር። ካርታ ይሠራበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በዚህ መንገድ ከየአቅጣጫው የመጣ ታማሚ ሁሉ ጤና ጣቢያው ባለበት ሰፈር ነዋሪ ሆኖ ተቆጠረ፤ ጥቂት ሰው ለሚኖርባት ሰፈር ሲካፈል ደግሞ መጠኑ ሰማይ ነካ።

ለአለቃችን ስንነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንቱን አረጋግጣችኋል?» የሚል ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአንድ ደብተር ላይ ተመሥርቶ የተዘጋ ሰፈር አይከፈትም። ዝርዝሩን ከመረጃ ክፍሉም ከንክኪ ለዪዎቹም የተውጣጣን ሰዎች ተካፍለን መደወል ጀመርን።

ከእነዚያ ጥሪዎች አንዱን አልረሳውም። ሲስተር አጠገቤ ሆነው ነው የደወሉት። ያነሡት ሽማግሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ከስልኩ ውጭ ይሰማኛል። ሲስተር ዝርዝሩን ገፍተው «አባቴ፣ አይናገሩ፤ አጠገብዎ ያለውን ሰው ያቅርቡልኝ» አሉ። ልጃቸው ቀረበች። «ቤታችሁ የት ነው? በየት በኩል ይገባል?» እያሉ እኔ እጽፋለሁ፤ በሌላው ስልክ አምቡላንስ ተጠራ። ሰፈሩ ያ ፈዛዛው፣ ገደቡ ሊላላለት የነበረው ሰፈር ነው። መዝገባችን ላይ ግን የእኒህ አባት አድራሻ የጤና ጣቢያው ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አድራሻ ማለት ለእኔ በዋናነት የካርታው ጉዳይ ነበር። በመዝገባችን ብቻ ተመርቶ የሚሄድ አምቡላንስ ቢኖር የሚቆመው የጤና ጣቢያው በር ላይ ነበር።

ጥሪዎቹ ሁሉ ሲያልቁ ሥዕሉ ተገለበጠ። በዚያች ሰፈር ተመዝግበው ከነበሩት የሚበዙት ነዋሪነታቸው ሌላ ቦታ ሆነ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የዚያ የተጨናነቀው ሰፈር ሰዎች ነበሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ከቀላችው ይልቅ ይህኛው ነው። ያኔ ይሰራጭ የነበረው ቫይረስ ከተያዘ ሰው ላይ ምልክት የሚያሳየው በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነበር። በዚያ ላይ ሰው ታሞ እስኪመረመርና ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ቀን ይጨመራል። ዛሬ የተጣለ ገደብ ፍሬው በቁጥር የሚታየው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ዛሬ በስሕተት የላላ ገደብም ጉዳቱ የሚታየው እንደዚሁ ዘግይቶ ነው። ፈዛዛው ሰፈር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እኛ የምናውቀው ሆስፒታል ከሞላ በኋላ ነበር።

የመመርመሪያ ቡድኑ አቅጣጫ በዚያው ቀን ተቀየረ። ክርክር የተነሣው በማስታወቂያው ላይ ነው። ከኃላፊዎቹ አንዳንዶቹ ካርታው ዝም ብሎ ይስተካከል፣ የሰፈሯ መግቢያም ቀስ ብሎ ይከፈት አሉ። ሕዝቡ በቁጥሮቻችን ላይ ያለውን እምነት ያጣል የሚል ነበር ስጋታቸው፤ ከክፋት አልነበረም። እኔ ግን ያኔም ዛሬም በዚህ አልስማማም። ሰፈሯ ቀይ ናት ተብሎ በድምፅ ማጉያ ከተነገረ፣ አይደለችም የሚለውም በዚያው ድምፅ ማጉያ መነገር አለበት። ያ በር ላይ የተመለሰ ወጣት ካርታው መስተካከሉን ማን ይነግርለታል? ሲስተርም ስብሰባው ላይ ተነሥተው ስልክ ሲደውሉ ሰው እውነቱን የሚነግራቸው እሳቸውም እውነቱን ስለሚነግሩት እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ብዙም የተከራከረ የለም።

ከእኛ ጉዳይ ጥቂት ቆይቶ ከእንግሊዝ የተሰማው ዜና ይህን አቋሜን አጠነከረው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባሉት ቀናት 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ውጭ ቀርተው ነበር። ምክንያቱ ውጤቶቹ ያረጀ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ውስጥ መግባታቸው ነው፤ ያ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፣ የተረፈው ይቆረጣል። ታማሚዎቹ ራሳቸው ውጤታቸውን አውቀዋል፤ ከእነሱ ጋር የነበሩት ሰዎች ግን በጊዜው አልተፈለጉም። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ከነምክንያቱ ለሕዝብ አስታወቀ። ወቀሳው ቀላል አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ ሰው የዚያን ሳምንት ቁጥር ለምን እንደዘለለ ሊጠይቅ ቢፈልግ መልሱ በአደባባይ አለ።

ቅጹን ስናስተካክል የሲስተር ሐሳብ ነው ያሸነፈው። «አድራሻ» የሚለው ጥያቄ ወጥቶ «ትናንት ማታ ያደሩት የት ነው?» በሚል ተተካ። በገደቡ ጊዜ ብዙ ሰው መታወቂያው ላይ ባለው ቤት አልነበረም፤ ታማሚ ለማስታመም ወይም መንገድ ተዘግቶበት ዘመድ ቤት የቀረ ብዙ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ካደረበት ቤት ነውና ለእኛ የሚጠቅመን እሱ ነው። ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ሌላ ዓምድ ተሰጠው፤ ሁለቱ ዳግም እንዳይቀላቀሉ። ባለሙያው መጠየቅ ካልቻለ «አልታወቀም» ብሎ እንዲያልፍ ተፈቀደ፤ ሲስተሙ ከራሱ አምጥቶ እንዳይሞላም ተከለከለ።

«አልታወቀም» የተባሉትን ከካርታው ሥር በቁጥራቸው አውጥተን ማሳየት ጀመርን። አለቃችን መጀመሪያ ላይ ከብዷቸው ነበር፤ ረድፉ ረጅም ሆኖ ሲታይ ሥራ ያልሠራን ያስመስላል ብለው። በኋላ ግን የጠዋቱን ስብሰባ የሚከፍቱት በዚያ ረድፍ ሆነ። የትኛው ጤና ጣቢያ በዝቶበታል? ሰው እንጨምርለት? ቅጽ የሚሞላ አንድ ሰው ሰልፉ ላይ ማቆም ብቻውን ብዙ ለውጥ አመጣ። ከታማሚዎቹ ቁጥር ጎን የምርመራውን ብዛትም ማስቀመጥ የጀመርነው ያኔ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ገደብ ከመላላቱ በፊት ከሚመረመሩት ውስጥ ቫይረሱ የሚገኝባቸው ቢያንስ ለ14 ቀን ከ100 ከ5 እንዳይበልጡ መክሮ ነበር። ምርመራው ሲያንስ ታማሚውም ያነሰ ይመስላል፤ ያ ፈዛዛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ስላልነበረው ይህም ይመለከተው ነበር።

ማስተካከያው በዚያው መኪና፣ በዚያው ሰዓት ተነገረ። ስልኳን መዝግቤ ለነበረችው ሴት ደውዬ ነገርኳት። ወንድሟ ለአሠሪው የሚያሳየው ደብዳቤ ጠየቀች፤ ተጻፈላት። ወሬው ሲሰማ ሌሎች የሰፈሯ ሰዎችም መጡ፣ ለሁሉም ተጻፈ። ደብዳቤውን አይቶ ሠራተኛውን ያስገባ አሠሪ አለ፤ አላምንም ያለም አለ። አላምንም ላሉት ሲስተር ራሳቸው እየደወሉ አስረዱ።