ፓወሩን ስቀንስ ዋይፋዩ ተስተካከለ

አክስቴ ደብረ ብርሃን ላይ ፔንሲዮን አላት። ዋይፋዩን የዘረጋሁላት እኔ ነኝ። ኬብሉን የጎተትኩት፣ አራቱን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጩትን ሳጥኖች) ኮርኒስ ላይ የሰቀልኩትም እኔው። ጥር ላይ ደውላ «ኧረ አንተ ልጅ፣ እንግዶቹ ተማረሩ! ሲግናል ያሳያል ግን አይከፍትም ይሉኛል» ስትለኝ በጣም ከነከነኝ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጓዝኩ።

ቀን ስሞክረው ደህና ነው። ችግሩ ማታ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የቀመሰ ሰው ይገባዋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሰው ሁሉ ክፍሉ ገብቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ሁሉም እኩል ስልኩን ይከፍታል። እኔም ምሽት ሁለት ሰዓትን ጠብቄ፣ የሲግናል መለኪያ አፕ ከፍቼ ኮሪደሩን ተመላለስኩበት።

ዘጠኝ ቁጥር ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አክሰስ ፖይንቱ ከራሴ በላይ ነው፤ መብራቱ ይታየኛል። ስልኬ ግን የያዘው ሪሴፕሽን ያለውን ነው፤ ያውም በነጌቲቭ 76 ዲቢኤም፤ ዲቢኤም የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው፤ እኔ ከነጌቲቭ 67 እንዲወርድ አልፈልግም። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳበራው ቅርቡን ያዘና ነጌቲቭ 45 ሆነ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ስሰቅላቸው «ግድግዳው ወፍራም ነው» ብዬ የአራቱንም ፓወር፣ ማለትም የማሰራጨት ጉልበት፣ መጨረሻው ላይ አድርጌዋለሁ። አክሰስ ፖይንት የሚቀይረው ግን ስልኩ ራሱ ነው። የሩቁን እየሰማ እስከቆየ ድረስ ቶሎ አይለቅም። ደግሞ ከገደል ማዶ የሚጣሩ ሰዎችን አስቡ። አንዱ ድምፅ ማጉያ ቢይዝ ወዲህ ያለው ይሰማዋል፤ የዚህኛው መልስ ግን እዚያ አይደርስም። የስልክ የማሰራጨት ጉልበት ትንሽ ነው። ስልኩ አክሰስ ፖይንቱን ይሰማል፤ አክሰስ ፖይንቱ ግን ስልኩን በደንብ አይሰማውም። «ያሳያል ግን አይከፍትም» የሚባለው አንድም ይኼ ነው።

ቻናሉን፣ ማለትም እያንዳንዱ የሚያሰራጭበትን የሬዲዮ መስመር፣ ደግሞ ራሱ እንዲመርጥ ኦቶ ላይ ትቼው ነበር። አክሰስ ፖይንቶቹ በሁለት የሬዲዮ ባንድ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ያሰራጫሉ። 2.4 ላይ ከአራቱ ሦስቱ ቻናል 6 ላይ ተከምረዋል፤ ስፋታቸውም 40 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ ተራ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ይላል። በዚህ ባንድ ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ እሱም ስፋቱ 20 ሲሆን። ስለዚህ ሁሉንም 20 አደረግኩ። ለሪሴፕሽን 1፣ ለኮሪደሩ 6፣ ለፎቁ 11 ሰጠሁ። ከሪሴፕሽኑ ለራቀው ጓሮ መልሼ 1።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ስፋቱ 80 ነበር። በ80 ከሄድክ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች አንድ ላይ ይዋጣሉ። ወደ 20 አወረድኩትና 36፣ 40፣ 44 እና 48ን ለአራቱ አከፋፈልኩ። ፓወሩን 5 ላይ መካከለኛ፣ 2.4 ላይ ዝቅተኛ አደረግኩት፤ ስልኮቹ ወደ 5ቱ እንዲያደሉ።

ሰዓት አመራረጤ ላይ ግን ተሳስቻለሁ። ቻናል ሲቀየር የተገናኘ ሁሉ ይቋረጣል። አንድ እንግዳ ከልጁ ጋር በቪዲዮ እያወራ ተቋርጦበት ጋቢውን እንደለበሰ ወጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁን እንዲህ ያለ ሥራ የምነካው ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሌላው፣ ብዙ ሴቲንግ በአንዴ መነካካት ጥሩ አይደለም። አሮጌ ዕቃዎች የሚገናኙባቸውን ቀርፋፋ የዋይፋይ ፍጥነቶች አብሬ ስዘጋ የበሩ አሮጌ ካሜራ ጠፋ። የቱ እንዳጠፋው እስካገኝ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

በማግስቱ ማታ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስቆም ስልኬ ሳልነካው ቅርቡን ያዘ፤ ነጌቲቭ 52። አክስቴም ከሪሴፕሽን «ዛሬ ማንም አልመጣብኝም» አለችኝ።

አሥራ አራት ቁጥር ግን አሁንም ነጌቲቭ 74 ላይ ነው። አሮጌው ቤት ውስጥ ስለሆነ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ ይጋርደዋል። ፓወሩን ልጨምረው እጄ ሄዶ ነበር፤ ተውኩት። ለፋሲካ ስመጣ አምስተኛውን እዚያው ውስጥ እሰቅላለሁ። ኬብሉን አክስቴ ገዝታ አስቀምጣለች።