የቤቱ ኪራይ የሚሰላው በማን ገቢ ነው?

አሜሪካ ውስጥ በመንግሥት ድጎማ የተሠራ የአረጋውያን ቤት ለወላጁ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ኪራዩ የሚሰላው በተከራዩ ገቢ ነው ወይስ በአካባቢው ነዋሪ ገቢ? ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እናቴ ያን ያህል ባልተጉላሉ ነበር።

ማመልከቻው ራሱ አያስቸግርም። መታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የገቢ ማረጋገጫ፣ የባንክ መግለጫ ነው የሚጠየቀው። እናቴ ዜግነት አላቸው፣ 62 ዓመት ከሞላቸው ቆይቷል፣ ገቢያቸው ኤስኤስአይ (መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) ብቻ ነው። አሟልተን ሰጠን፤ ተራ ጠበቅን።

ተራው ደረሰ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ተርጉሜ ሳልጨርስ እናቴ እልል አሉ። ለቃለ መጠይቅ ስንሄድ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነበር። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ፋይሉን ገልጣ፣ ቁጥሮችን ደማምራ፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኔ አዞረችና «የእናትህ ገቢ ዝቅተኛውን መስፈርት አያሟላም» አለችኝ። ገቢያቸው በዛ ቢባል ይገባኛል። ለድሆች በተሠራ ቤት ገቢያቸው አነሰ ተብለው የሚመለሱ አሮጊት ግን ለእኔ ዛሬም አይዋጥልኝም። የገቢ ማረጋገጫው እኮ ካመለከትንበት ቀን ጀምሮ እጃቸው ላይ ነበር! ለምን ያኔ አልነገራችሁንም ስላት መልሷ «አሠራራችን ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ማስታወቂያቸው ላይ ከፍተኛው የገቢ ጣሪያ በትልቁ ተጽፏል፤ ዝቅተኛው የትም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው የተሠራው በ1986 በወጣ ሕግ በተጀመረው የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ቤት ለሚሠሩ በሚሰጥ የግብር ቅናሽ ነው። አልሚው በክሬዲቱ ከባለሀብቶች ገንዘብ ያሰባስባል፤ በምላሹ ኪራዩን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ላለማስከፈል ይገደዳል። ጣሪያው የሚወጣው የፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከሚያሳትመው የአካባቢው ገቢ ነው። የተከራዩ ኪስ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። ለምሳሌ ለአንድ ሰው የተፈቀደው የገቢ ጣሪያ በዓመት 50,000 ዶላር ቢሆን፣ የስቱዲዮ ኪራይ መብራትና ውሃን ጨምሮ እስከ 1,250 ዶላር ይደርሳል፤ የገቢው 30 በመቶ በ12 ወር ተካፍሎ ማለት ነው። በ2025 ደግሞ ለብቸኛ ሰው የሚከፈለው ሙሉ የፌዴራል ኤስኤስአይ በወር 967 ዶላር ነበር። በዚህ ላይ የኪራዩን እጥፍ ገቢ አሳዩ የሚሉ አሉ፤ የእኛዎቹ ከእነዚህ ነበሩ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቢሮው አይደለም። ስንወጣ በር ላይ የተቀመጡ አንድ የአገራችን ሽማግሌ የእናቴን ፊት አይተው ጠሩን። «ልጄ፣ እኔ የምከፍለው ከገቢዬ ተሰልቶ ነው፤ ቀሪውን ሴክሽን 8 ይሸፍናል። ቫውቸር ከሌላችሁ ሴክሽን 202 ፈልጉ» አሉኝ። የሴክሽን 8 ቫውቸር ማለት መንግሥት ለተከራዩ የሚሰጠው፣ ከተከራዩ ድርሻ የተረፈውን ኪራይ የሚሸፍን የድጎማ ወረቀት ነው። የታክስ ክሬዲት ቤት አንድን ሰው ቫውቸር ስለያዘ ብቻ መከልከል እንደማይችልም ከእሳቸው ሰማሁ፤ በኋላም አጣራሁ፣ እውነት ነው።

ሴክሽን 202 በ1959 ሕግ የመጣ፣ ለአረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ ድጎማ ነው። የኪራይ ድጎማ ባላቸው የ202 ቤቶች ተከራዩ የሚከፍለው በአብዛኛው ከተስተካከለ ገቢው፣ ማለትም የተፈቀዱ ቅናሾች ከተነሱለት ገቢ፣ 30 በመቶውን ነው። የ967 ዶላር 30 በመቶ 290 ዶላር ነው፤ ለአረጋውያን የሚደረገው ቅናሽ ሲነሳለት ከዚያም ይወርዳል። እናቴ ዛሬ የሚኖሩት እንዲህ ባለ ቤት ነው። ቡና ሲያፈሉ የሚጠሯቸው ጎረቤቶችም አሏቸው።

በየቢሮው «እኛ እንጠራችኋለን፣ አትደውሉ» ይባላል። እኔ ደውሉ እላለሁ፤ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ተጠባባቂዎችን «አሁንም ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል፤ ያልመለሰ ይሰረዛል፤ ስለዚህ አድራሻ ስትቀይሩ በጽሑፍ አሳውቁ። አንድ ቦታ አመልክቶ መጠበቅም አይበጅም፤ ዝርዝሩ ክፍት በሆነበት ሁሉ አመልክቱ።

ልጆች በየወሩ ለእናታቸው ባንክ የሚያስገቡት ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል። አትደብቁት፤ አስቤዛ ገዝታችሁ የምትወስዱላቸው ከሆነም ለኪራዩ ስሌት እንዴት እንደሚታይ ቢሮውን ጠይቁ። የተጠየቃችሁትን ብቻ አምጡ ቢሏችሁም ከኪሳቸው የከፈሉትን የመድኃኒት፣ የመነጽርና የጥርስ ሕክምና ደረሰኝ ሁሉ ይዛችሁ ቅረቡ። የሕክምና ወጪው ከገቢያቸው የተወሰነ ድርሻ ካለፈ ትርፉ ከገቢ ተቀንሶ ኪራዩ ይወርዳል። እናቴን ስለ ደረሰኝ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አስቆጠርኩ።